እሾህ የሌለው ግራር

ማክሰኞ ማለዳ፣ አሸዋው ሳይፋጅ፣ ጤዛው ሳይነሳ፣
ሱሄል መጋዝ ይዞ፣ ግሪሻ ጀሪካን፣ እኔ ብሩሽና ማስታወሻ፣
በሐዴራ ጫካ፣ በምዕራቡ ጥግ፣ ተከታትለን ገባን።
ዛፉ ቢጫ ነስንሶ፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ቤት ሆኖ አገኘን።

ሥራው ሲያወሩት ቀላል ነው፦
ሱሄል ከመሬት ጋር አስጠግቶ ይቆርጣል፤
አምስት ደቂቃ ሳይሞላ የእኔ ብሩሽ ጉቶው ላይ ይደርሳል፤
መድኃኒቱን ልጡ ዳር እቀባለሁ፣ ዙሪያውን ብቻ፤
መሐሉ እንጨት ነው፣ አይሰማም።
ከዘገየሁ፣ አንዱ በዓመቱ አሥር ሆኖ ይጠብቀናል።
ከዚያ ደግሞ ዘሩ አለ፦ አሸዋ ውስጥ የተኛ፣ ጥቁር፣ ጠንካራ፣
እሳት የሚቀሰቅሰው፣ ጉንዳን የሚያመላልሰው አደራ።
እሱን በሐምሌ ላስቲክ እናለብሰዋለን፣ ፀሐይ እንድትቀቅለው፤
አለቃችን ‹‹ታገሱ›› ይላል፤ ሌላ ምን አለው?

ግሪሻ አንድ ቀን ጠየቀኝ፦ ‹‹ባሕር ዛፉስ? እሱም ከማዶ መጥቷል፤
ረግረግ አደረቀ ተብሎ፣ ሰሌዳ ተጽፎለት ቆሟል፤
አንዱ ቅርስ፣ አንዱ ወራሪ፤ ማነው ዳኛው?››
በእኛ ቋንቋ ስሙ ራሱ ‹ባሕር› እንደሚል ነገርሁት፣ ሳቀ።
መልስ ግን አለኝ፦ ባሕር ዛፍ የተከሉት ቦታ ይቆማል፤
ይህኛው ይሄዳል።
ሮተሙን ዋጠው፤ እንሽላሊት የምትሮጥበትን ራቁት አሸዋ
ቅጠል አልብሶ አደለበው፣ መሮጫ አሳጣት።

ዓርብ ረፋዱ ላይ አባቴ ከጊቫት ኦልጋ በእግሩ መጣ።
ጉቶዎቹን አየ። ባርኔጣውን አወለቀ።
‹‹ግራር ይቆረጣል? ሽማግሌ የሚቀመጥበት?›› ብሎ ጠየቀ።
‹‹ግራር አይደለም፣ አባዬ፤ እሾህ እንኳ የለው፤ አገሩ አውስትራሊያ ነው።››
‹‹እሾህ እንደሌለውማ እኔን ጠይቂኝ፤ በዚህ እጄ ነው የተከልሁት።
በመጣን በስድስት ወሩ፣ ቋንቋው ሳይገባን፣
አቭሩም የሚባል አለቃ በችግኝ ቁጥር እየከፈለን፣
‹አሸዋው እንዳይሄድ ያዙት› አለን። ያዝነው።
የመጀመሪያ ጫማሽ ከዚህ ነው።››

ቆየና፦ ‹‹አሁን ምን ትሉታላችሁ?››
ሳላስበው በዕብራይስጥ አመለጠኝ፦ ‹‹ፖሌሽ››።
ቃሏን በጆሮው አገላበጣት፣ እንደማያምነው ሳንቲም።
‹‹ጎንደር እኮ በዚህች በመሰለች ቃል ነበር የሚጠሩን።
ተከትላን መጣች? ወይስ ለዛፍ ሰጧት?››

መዝገበ ቃላቱ ሌላ ይል ይሆናል። አልተከራከርሁም።
ብሩሼ እጄ ላይ ደረቀ። አምስት ደቂቃው አለፈ።
ያ ጉቶ እንደሚያቆጠቁጥ አውቃለሁ፤
ምልክት አላደረግሁበትም።

ከዚያ ተነሳ። እርምጃውን ይቆጥር ጀመር፣ በአማርኛ፣ ጮክ ብሎ፣
ከባሕር ዛፉ ሰልፍ እስከ ውሃው ቧንቧ፣ ከቧንቧው ታጥፎ።
‹‹ከዚህ ወዲያ ሁለት መቶ ሰማንያ። ካርታችሁ ላይ የለም፣ አይደል?
ሃያው ደርቆብን ነበር፤ አቭሩም ከሒሳባችን ቀንሷል።››

ሄድን። ካርታው ላይ አልነበሩም። መሬቱ ላይ ግን ነበሩ፣
ልጅ፣ የልጅ ልጅ አፍርተው፣ እንደ ቅጥር ተያይዘው።
ሱሄል አፉን ያዘ። ግሪሻ ጀሪካኑን አስቀመጠ።
እኔ ቦታውን መዘገብሁ፤ ‹‹የመረጃ ምንጭ›› በሚለው መስመር ላይ
‹‹ተካዩ›› ብዬ ጻፍሁ።

አባቴ ጎንበስ አለ። የዘንድሮን ቡቃያ በሁለት ጣቱ ነቀለ፤
ሥሩን ወደ ብርሃን ዘረጋው፤ ከቅጠሉ አምስት እጥፍ ይሆናል።
‹‹ጎበዝ ነው›› አለ፣ ያለ ቁጣ፣
ገበሬ ስለ ሙጃ እንደሚያወራ።
ከዚያ ጆንያችን ውስጥ ከተተውና
ቀጣዩን ያዘ።